በሰልባጅ ቲሸርት ላይ ያለው ባንድ

ደብረ ብርሃን ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ከሹራቡና ከጃኬቱ መሐል ጥቁር ቲሸርት አይጠፋም። የራስ ቅል፣ እሾህ፣ እሳት፣ ሊነበብ የማይችል ጽሑፍ ታትሞበታል። ጥቁር ቆሻሻ ስለሚችል ቶሎ ይሸጣል። ጠባሴ ብሎኬት የሚደረድር ልጅ ለብሶት ታያላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ከጋቢው ሥር አድርጎት ታያላችሁ። ባለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ ደረቱ ላይ ዳር ዳሩ እሾህ ያወጣ ትልቅ የፈረንጅ «ኤስ» ፊደል ያለበትን ለብሶ ሲያልፍ አንዲት ጎረቤቴ አስቆሙት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የሰይጣን አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ለብርዱ ብዬ ነው የገዛሁት፤ የማን እንደሆነ በምን አውቄ።»

እሾሃሙ «ኤስ» የሴፑልቱራ ነው። ሴፑልቱራ ብራዚል ውስጥ ቤሎ ኦሪዞንቴ በምትባል ከተማ በ1984 የተመሠረተ የትራሽ ሜታል ባንድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በፖርቱጋልኛ መቃብር ነው፤ እትዬ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ልጁን በማግሥቱ ጠበል ይወስዱት ነበር። ጥያቄያቸው ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ። በፊት ግን ሁለት ነገር ላስረዳ፦ ይህ ለብዙ ሰው ጩኸት ብቻ የሚመስል ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ሬዲዮ ያላጫወታቸው፣ ገንዘብም ሆነ ዘመድ ያልነበራቸው ልጆች እንዴት ዓለምን እንዳዳረሱ። ለእኔ የዚህ ባንድ ታሪክ ከጊታሩ እኩል የፖስታ ቤትና የካሴት ታሪክ ነው።

ሙዚቃው

ትራሽ ሜታል የተወለደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው። ሜታሊካና ስሌየር በ1981 ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ አንትራክስ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ተመሠረቱ። ሜታሊካ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሲዛወር የዚያ አካባቢ ወጣቶች፣ ኤክሶደስን የመሳሰሉ ባንዶች ጭምር፣ ነገሩን አጋጋሉት። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሶዶም፣ ክሪኤተርና ዲስትራክሽን ተነሡ። ሁሉም የተቀዳው ከሁለት ምንጭ ነው። ከእንግሊዝ ሄቪ ሜታል የጊታሩን ችሎታ ወሰዱ፤ ከፐንክ ፍጥነቱንና ቁጣውን።

ጊታሩ ለምን እንደዚያ ይሻክራል? ድምፁ ወደ አምፕሊፋየር ሲገባ ሆን ተብሎ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ይገፋል። መሣሪያው ከአቅሙ በላይ የሆነበትን የድምፅ ሞገድ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ሞገዱ ሲቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወለዳሉ፤ ጆሯችን ያንን እንደ መሻከር ይሰማዋል። ዋጋም ያስከፍላል። በዚያ ሁኔታ ብዙ ኖታ አንድ ላይ ከተመታ ሁሉም ይደፈራረሳል። ስለዚህ ትራሽ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኖታ ብቻ ያጣምራል፣ መነሻውንና ከእሱ አምስተኛውን።

በገና ሲደረደር ያደገ ሰው ይህ ሊያስገርመው አይገባም። የበገና አውታር ለብቻው ሲመታ ለስላሳ ነው። ያንን ሆድ የሚያባባ ንዝረት የሚሰጠው በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ ናት። እንዚራዋ ቦታዋን ስትስት ደርዳሪው ቆም ብሎ በጣቱ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ያስተካክላታል፤ አሥሩም አውታር እኩል እስኪነዝር አይጀምርም። ማለትም ደርዳሪው አውቆና አስቦ ድምፁን ያሻክራል። የሁለቱ መንፈስ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ ማንም እንዳይቆጣኝ። ነገር ግን «ድምፁ ስለሻከረ ሙዚቃ አይደለም» የሚለው ክርክር በገና ባለበት አገር ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሁለተኛው ዘዴ የቀኝ እጅ ነው። ተጫዋቹ የመዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ከጊታሩ አካል ጋር በሚገናኙበት ጫፍ ላይ በስሱ ያሳርፋል። ክሩ ሲመታ ሳይዘምር ታፍኖ «ጅግ፣ ጅግ፣ ጅግ» ይላል። መዳፉ ሲነሣ ድምፁ ይፈነዳል። ከዚህ አፍኖ መልቀቅ ነው አብዛኛው የትራሽ ዜማ የሚሠራው። ከበሮው በሁለት እግር በሚረገጥ ትልቅ ከበሮና በእጅ በሚመታው ትንሹ መካከል እየተመላለሰ በደቂቃ ከ200 ምት ሊያልፍ ይችላል። ዘፋኙ ይጮኻል። የሚጮኸው ስለ ኑክሌር ጦርነት፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ሙሰኛ ባለሥልጣን፣ አንዳንዴም ስለ ሰይጣን ነው።

ካሴቱ

ይህን ሙዚቃ በዚያን ጊዜ ሬዲዮ አያጫውተውም፣ ትልልቅ አሳታሚዎችም አይነኩትም ነበር። አንደርግራውንድ (ከመሬት በታች ያለ) የተባለው ለዚህ ነው። መንግሥት ስላገደው የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ በር ስለተዘጋበት የራሱን መንገድ ያበጀ ነው። መንገዱም እንዲህ ነበር።

አንድ ባንድ ጋራዥ ውስጥ ይለማመድና አራት ወይም አምስት ዘፈን በርካሽ ይቀርጻል። ይህ ዴሞ ይባላል። ከቴፕ ወደ ቴፕ ይቀዳና በፖስታ ይላካል። ተቀባዩ ዘፋኝ ወይም አሳታሚ መሆን የለበትም፤ ያንን ሙዚቃ የሚወድ፣ አንድም ቀን በአካል የማያውቁት ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። እያንዳንዱ ያለውን ካሴት በወረቀት ዘርዝሮ ይልካል፤ ሌላው የራሱን ዝርዝር ይመልሳል፤ የፈለጉትን መርጠው ይለዋወጣሉ። ገንዘብ አይከፈልም፣ ካሴት በካሴት ነው። ከጎኑ በፎቶ ኮፒ የሚባዙ ትንንሽ መጽሔቶች ነበሩ። ጀርባቸው ላይ የባንዶቹ አድራሻ ስለሚታተም አንድ መጽሔት ያገኘ ሰው ለሃያ ባንድ መጻፍ ይችላል።

የፖስታ ዋጋው ይከብድ ስለነበር አንድ ተንኮል ተለመደ። ላኪው ቴምብሩ ላይ ሙጫ ወይም ሳሙና በስሱ ይቀባል። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚያርፈው በሙጫው ላይ ነው። ተቀባዩ ቴምብሩን ቀርፎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ማኅተሙ ከሙጫው ጋር ይለቃል፣ ቴምብሩ አዲስ ሆኖ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ደብዳቤም ላይ ይለጠፋል። «ቴምብሬን መልስልኝ» የሚል ማስታወሻ በየደብዳቤው ግርጌ ይጻፍ ነበር። ወንጀል መሆኑ አይካድም፤ ግን የአንድ ትውልድ ሙዚቃ የተጓጓዘው በዚህ ነው።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚሠራ ማሳያው ሜታሊካ ነው። በ1982 «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» የሚል ዴሞ ቀረጹ። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሸክላ የሚሸጥ ጆን ዛዙላ የሚባል ሰው ጆሮ ደረሰ። ሰውዬው ልጆቹን ወደ ምሥራቅ አስጠራቸው። አሳታሚ ሲያጣላቸው ሜጋፎርስ የተባለውን ድርጅት ራሱ አቋቁሞ በ1983 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጣ።

ካሴት ያስቀዳ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእኛም ዘንድ ሸክላ ጠፍቶ ካሴት የነገሠው በደርግ ዘመን ነው። ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት መሄድ፣ «ይሄን በኤ፣ ያንን በቢ ቅዳልኝ» ማለት፣ ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስኪሪብቶ ማጠንጠን፣ ሁሉም ያውቀዋል። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ምን እንደሚመጣም ያውቃል፦ ከፍ ያሉት ድምፆች ይደክማሉ፣ ከበስተኋላ «ሽሽሽ» የሚለው ይጨምራል፣ አምስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ከግድግዳ ጀርባ የቆመ ይመስላል። አንዳንድ የሜታል ወዳጆች ያንን ድምፅ ለምደውት ጥራት ያለው ቅጂ ሲሰሙ «ቅመሙ ጎደለው» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህንን ነው። በእኛ አገር ካሴት መቅዳት ድምፃውያንን አደኽይቷል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው ከብዙ ዓመት ጩኸት በኋላ ነው። በትራሹ ዓለም ደግሞ ቅጂው ባንዶቹን አሳደጋቸው። ተቃርኖ የሚመስለው ላይ ላዩን ሲታይ ነው። የእኛ ድምፃዊ ገበያ ላይ የሚሸጥ ካሴት ነበረው፤ የተቀዳበት እያንዳንዱ ቅጂ ከኪሱ የሚወጣ ነበር። ዴሞ ያለው ባንድ ገና የሚሸጥ ነገር አልነበረውም፤ ቅጂው ማስታወቂያው ነበር። ሴፑልቱራ ራሱ አልበም ከኖረው በኋላ ግን ነገሩ በእሱም ላይ ዞሯል፤ ለባንዱ ሳንቲም ያልደረሰበት ቅጂ አውሮፓ ውስጥ ተሸጧል። ስማቸውን ያስተዋወቀውም ኪሳቸውን ባዶ ያስቀረውም ያው ቅጂ ነበር።

ቤሎ ኦሪዞንቴ

ባንዱን የመሠረቱት ማክስና ኢጎር ካቫሌራ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1984 ማክስ 15፣ ኢጎር 14 ዓመት ሞላቸው። አባታቸው ጣሊያናዊ ዲፕሎማት ነበር፤ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በድንገት ሲሞት ቤተሰቡ ደህና ከሚባል ኑሮ ወደ ችግር ወረደ። ቤሎ ኦሪዞንቴ የሚናስ ዠራይስ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሚናስ ዠራይስ ማዕድን ሲቆፈርበት የኖረ፣ በየኮረብታው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የማይጠፋበት፣ ሰዉ ጥብቅ ካቶሊክ የሆነበት ተራራማ አገር ነው። እንደ ሪዮ የባሕር ዳርቻ የለውም፤ የሙዚቃ ኩባንያዎቹም ያሉት ሪዮና ሳኦ ፓውሎ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ «ሁሉም ነገር ያለው አዲስ አበባ ነው» ሲል የሚሰማውን፣ እነሱም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል።

ብራዚል ከ1964 እስከ 1985 በወታደራዊ መንግሥት ትገዛ ነበር። ጃንዋሪ 1985፣ በእኛ ጥር 1977፣ ሪዮ ላይ «ሮክ ኢን ሪዮ» የተባለ ግዙፍ ፌስቲቫል ተካሄደ፤ ኩዊን፣ አይረን ሜይደን፣ ኤሲዲሲ መጡ። ፌስቲቫሉ ገና ሳያልቅ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሲቪል ፕሬዚዳንት ተመረጠ። ወጣቱ በሁለቱም ሰከረ። ኑሮው ግን አልተሻሻለም። የዋጋ ንረቱ በ1989 ከ1,000 በመቶ በላይ ደርሷል፤ ወታደሮቹ ሥልጣን ቢለቁም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የነበረው ጥብቅ ቁጥጥር እስከ 1990 ስለቆየ ጥሩ ጊታር ወይም አምፕሊፋየር ለተራ ቤተሰብ የሚታሰብ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ድምፅ የተበላሸ የሚመስለው አንድም በዚህ ነው። አንዳንድ ጸሐፊ «ሆን ብለው ጥሬ አደረጉት» ይላል። ለእኔ አይዋጥልኝም። የነበራቸው ያ ነው፤ ባላቸው ቀረጹ።

ከተማዋ ውስጥ ኮጉሜሎ የሚባል ሸክላ ቤት ነበር። የሰፈሩ ሜታል ወዳጆች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚሰሙት፣ ባንድ ፈርሶ ባንድ የሚመሠረተው እዚያ ነው። ባለቤቶቹ እነዚህ ልጆች በየቀኑ ሲመላለሱ አይተው ራሳቸው አሳታሚ ሆኑ። በ1985 ለሴፑልቱራና ኦቨርዶዝ ለሚባል ሌላ የከተማው ባንድ አንድ ሸክላ አወጡላቸው፣ አንዱ ገጽ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው። ወጪው ለሁለት ይከፈላል፣ የአንዱ ወዳጅ የሌላውንም ይሰማል። የሴፑልቱራ ገጽ «ቤስቲያል ዴቫስቴሽን» ይባላል። በዓመቱ፣ በ1986፣ የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው «ሞርቢድ ቪዥንስ» ወጣ።

ከእነዚህ ሥራዎች ቀደም ብሎ የመጀመሪያው ዘፋኛቸው ቫግነር ላሙኒየር ከባንዱ ወጥቶ ሳርኮፋጎ ወደሚባል ባንድ ገብቶ ነበር። ሳርኮፋጎ ስታዲየም አልሞላም፤ ነገር ግን በ1987 ያወጡት አልበም ኖርዌይ ድረስ ተሰምቶ እዚያ ብላክ ሜታል የሚባለውን የሜታል ዓይነት ለጀመሩት ወጣቶች አርአያ ሆኗል። ሰውዬው በኋላ ሙዚቃውን ትቶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የምጣኔ ሀብት ትምህርት የሚሰጥ አስተማሪ ድሮ ፊቱን ቀብቶ፣ በጥይት ዝናር ተጠምጥሞ ሲጮኽ የነበረ ሰው ነው ቢባል ተማሪዎቹ ምን ይሉ ይሆን!

የእትዬ ጥያቄ

አሁን ወደ ሰይጣኑ። መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች ውስጥ ሰይጣን አለ፣ መስቀልን የሚያቃልል ነገርም አለ። የክርስቲያን ቤት ሰው ይህን አልሰማም ቢል መብቱ ነው፤ እኔም ለልጅ አላጫውተውም።

ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህ ልጆች ያደነቁት ቬኖም የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ ነበር። ቬኖሞች ሰይጣንን የሸክላ ሽፋን ላይ ያወጡት ለትዕይንት እንደሆነ ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል። የብራዚል ልጆች ያንን ከሸክላው ሽፋን ላይ ገለበጡ። እንግሊዝኛ በቅጡ አይችሉም ነበር፤ ግጥሙን በፖርቱጋልኛ አስበው ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ውጤቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ራሱ ግራ የሚጋባበት ነው። ካህናት በሚከበሩበት ከተማ ውስጥ ላለ የ16 ዓመት ልጅ አዋቂውን ሁሉ በአንድ ቃል ለማስቆጣት ከዚህ የቀረበ መሣሪያ አልነበረም። ጎረምሳነት ነው፣ እምነት አልነበረም። ማረጋገጫው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ እንግሊዝኛው ሲሻሻልና ዕድሜያቸው ሲጨምር ሰይጣኑ ከግጥሙ ወጣ። በቦታው እስር ቤት፣ ፖሊስ፣ መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ገባ። በ1993 ያወጡት አልበም ውስጥ አንዱ ሥራ በ1992 ሳኦ ፓውሎ ካራንዲሩ እስር ቤት ውስጥ ፖሊስ 111 እስረኞችን ስለገደለበት ቀን ነው። ሌላው ካዮዋ ለሚባሉ የብራዚል ነባር ሕዝቦች የተሠራ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚደመጥ ዜማ ነው።

ከጓዳ ወደ አደባባይ

በ1987 ጊታሪስቱ ጃይሮ ጌድስ ወጥቶ ከሳኦ ፓውሎ በኩል አንድሬያስ ኪሰር ገባ። ባንዱን የለወጠው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኪሰር ጊታር ተምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሌሎቹ በጆሮና በድፍረት ነበር የሚሄዱት። በዚያው ዓመት የወጣውን «ስኪዞፍሬኒያ»ን ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር አጠጋግቶ የሚሰማ ሰው ሁለት የተለያየ ባንድ ነው ቢል አልፈርድበትም።

አልበሙን ይዞ ማክስ ወደ ኒውዮርክ ሄደና ቅጂውን ለአሳታሚዎች አከፋፈለ። ሮድራነር የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት የኒውዮርክ ቢሮው ወደዳቸው፤ አስፈረማቸው። ካሴቱ ከፊታቸው ቀድሞ ባይሄድ ኖሮ ይህ ስብሰባ አይሳካም ነበር ብዬ አምናለሁ። ከብራዚል የመጣ ያልታወቀ ልጅ ቢሮ ገብቶ «ስሙን» ሲል የሚሰማው ያገኘው ስማቸው በመጽሔቱና በደብዳቤው ቀድሞ ስለደረሰ ነው።

ቀጣዩ አልበም «ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ» የተቀረጸው በ1988 መጨረሻ ሪዮ ውስጥ ናስ ኑቬንስ በሚባል ስቱዲዮ ነው። ቀራጩ ስኮት በርንስ ፍሎሪዳ ውስጥ የብዙ ከባድ ሜታል ባንዶችን ድምፅ የቀረጸ ባለሙያ ነው፤ ብራዚልን ለማየት ስለጓጓ በትንሽ ክፍያ መጣላቸው። ሥራው የሚሠራው ሌሊት ነበር። ታኅሣሥ በብራዚል የሙቀት ወር ነው፤ ከተማው ለገና ሲዘጋጅ እነሱ ጨለማ ላይ ገብተው ንጋት ላይ ይወጣሉ። አልበሙ በ1989 ሲወጣ ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ። ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ «ጅግ» ለብቻው ይለያል። የኢጎር ከበሮ ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰማል። ፍጥነቱ አልቀነሰም፤ የተጨመረው ጥራት ነው። በዚያው ዓመት ከጀርመኑ ሶዶም ጋር ሆነው አውሮፓን ዞሩ፤ ከአገራቸው ወጥተው ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጃንዋሪ 1991 ሁለተኛው ሮክ ኢን ሪዮ ማራካና ስታዲየም ሲካሄድ ሴፑልቱራ መድረኩ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሲካሄድ ባንዱ ከተመሠረተ ብዙም አልቆየም ነበር። በዚያው ዓመት የወጣውን «አራይዝ»ን የቀረጹት ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ሄደው ነው። ከዚያ ወዲያ አንደርግራውንድ የሚለው ስም አይገባቸውም፤ አንዳንድ ቀደምት ወዳጆቻቸውም ካሴታቸውን ይዘው ወደ ሌላ ባንድ ሄዱ። ይህ በየትም አገር ያለ ጠባይ ነው፤ ብቻዬን አውቀዋለሁ ያልነው ነገር ሁሉም ሲያውቀው ይጎመዝዘናል።

የቀረውን ባጭሩ። በ1996 ለወጣው «ሩትስ» ለሚባለው አልበም ማቶ ግሮሶ ሄደው ሻቫንቴ ከሚባሉ ነባር ሕዝቦች ጋር በመንደራቸው ቀረጹ፤ የአገሩ ከበሮና ዜማ ሜታሉ ውስጥ ገባ። ትልቁ ዝናቸው ይህ ነው፣ መለያያቸውም። የባንዱ ማኔጀር የማክስ ባለቤት ነበረች፤ ሌሎቹ በእሷ መቀጠል አልፈለጉም። ዲሴምበር 1996 ለንደን ላይ ከተጫወቱ በኋላ ማክስ ለቀቀ። በቦታው አሜሪካዊው ዴሪክ ግሪን ገባ። ኢጎርም በ2006 ወጣ፣ ከወንድሙ ጋር ታርቆ ሌላ ባንድ መሠረቱ። ሴፑልቱራ ያለ ካቫሌራዎቹ ቀጥሎ በ2023 መጨረሻ 40ኛ ዓመቱን አስታክኮ የስንብት ጉዞ እንደሚያደርግ አስታወቀ።

ለመስማት ለሚፈልግ

እኛ ዘንድ ሮክን በአደባባይ የሞከረ ባንድ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጃኖ ነው፤ «ኤርታሌ» የሚለው አልበማቸው በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ወጥቷል። ጃኖ ግን ሮክ እንጂ ትራሽ አይደለም፤ ዜማው ይዘፈናል፣ ጊታሩ ለድምፃዊው ቦታ ይለቃል። ከጃኖ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ 1986ቱ ሴፑልቱራ የሚዘል ሰው ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ የእኔ ምክር ከመሐል መጀመር ነው።

መጀመሪያ የ1989ኙን አንድ ዘፈን ብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ቀንሳችሁ ስሙ። ግጥሙን ተዉት። ከበሮውን ብቻ ተከተሉ፤ መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ በግማሽ ፍጥነት እንደሚወርድ። ሁለተኛ ጊዜ የጊታሩን መታፈንና መለቀቅ ተከተሉ። ሦስተኛ ላይ ጩኸት የመሰለው ነገር ቅርጽ ያለው ሆኖ ይሰማል፤ ካልተሰማም ሙዚቃው የእናንተ አይደለም፣ ምንም አይደል። ከዚያ «ሩትስ»ን ሞክሩ፤ ከበሮ የሚወድ ሰው እዚያ ላይ ይቆያል።

የ1986ቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፤ ጊታሩ ሁሉ ተድበስብሶ የሚቀረው ከበሮው ብቻ ነው። ማክስና ኢጎር እነዚያን ሁለት የመጀመሪያ ሥራዎች በ2023 እንደገና ቀርጸዋቸዋል፣ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ግጥም፣ በዛሬ መሣሪያ። ሁለቱን ቅጂ አከታትሎ መስማት ይቻላል። ማክስ በድሮው ላይ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት፣ በአዲሱ ላይ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ጊታሩ ጥራት አለው፣ ፍጥነቱም አልቀነሰም። እኔ የማዳምጠው ግን አሁንም ያንን የተበላሸውን ነው።